የደኒንግ አምስት ቀናት፦ ለወጣት ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ በ25 ዓመቱ ስለሞተ አንድ የባሕር ኃይል አብራሪ ነው። ኤድዊን ሃሪስ ደኒንግ ይባላል። እንግሊዛዊ ነው። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአውሮፕላን ጥገና ነው። በዚህ ሙያ የማከብራቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ወደ ሥራ ዓለም የሚገባ ወጣት ሳገኝ ግን ቀድሜ የማነሳው የዚህን ልጅ ታሪክ ነው። ልጅ ማለቴ አይግረማችሁ። ሲሞት ዕድሜው ከብዙዎቻችሁ አይበልጥም ነበር።

ስሙን ፈልጋችሁ ብታነብቡ በመጀመሪያ የምታገኙት፣ በጉዞ ላይ ባለች መርከብ ላይ አውሮፕላን ያሳረፈ የመጀመሪያው ሰው መሆኑን ነው። እውነት ነው። ይህን ያደረገው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1917 ነው። የሞተው ደግሞ ነሐሴ 7 ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ነገር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ደኒንግ በ1892 ደቡብ አፍሪካ ተወለደ። ያደገውና የተማረው ግን እንግሊዝ ነው። ገና በልጅነቱ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን በኩል ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ያበር ነበር። ሥራው የመድፍ ኢላማ መጠቆምና ከአየር ፎቶ ማንሳት ነበር። ረጅም ረጅም በረራ ነው። ለዚህ አገልግሎቱ ሜዳልያ ተሸልሟል። እንግዲህ ወደ ታሪካችን ሲመጣ ዝም ብሎ ደፋር የሆነ ጎረምሳ አልነበረም። የበሰለ አብራሪ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ችግሩ ምን ነበር? በዚያ ዘመን መርከቦች አውሮፕላን በጣም ይፈልጉ ነበር። ጠላት የት እንዳለ ከአድማስ ማዶ የሚያይላቸው ዓይን ያስፈልጋቸዋል። ጀርመኖች ዜፕሊን የሚባሉ ግዙፍ የአየር መርከቦች ነበሯቸው። ከላይ ሆነው የእንግሊዝን መርከቦች ይከታተላሉ። እንግሊዞቹ የነበራቸው መፍትሔ የባሕር አውሮፕላን ነው። በጎማ ፋንታ ተንሳፋፊ የተገጠመለት ማለት ነው። እሱን ለማስነሳት መርከቧ ትቆማለች። አውሮፕላኑ በክሬን ወደ ውሃው ይወርዳል። ማዕበል ካለ ተንሳፋፊው ይሰበራል። ሲመለስም እንደገና በክሬን ይነሳል። በጦርነት መሐል ደግሞ መርከብ አይቆምም። በ1916ቱ ታላቁ የጁትላንድ የባሕር ውጊያ ላይ ከነዚያ ሁሉ መርከቦች መካከል ተነስቶ ጠላትን ያየው አውሮፕላን አንድ ብቻ ነበር። እሱም የነዳጅ ቱቦው ተበጥሶ ውሃ ላይ ለማረፍ ተገደደ።

ጎማ ያለው ተዋጊ አውሮፕላን የተሻለ ነው። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዜፕሊን ያለበት ከፍታ ድረስ ይወጣል። ከመርከብ ላይ ማስነሳትም ተችሎ ነበር። አሜሪካዊው ዩጂን ኢላይ በ1910 ከቆመች መርከብ ላይ ተነስቷል። በጥር 1911 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በቆመች መርከብ ላይ አርፏል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሳምሰን በ1912 በጉዞ ላይ ካለች መርከብ ተነሳ። በጉዞ ላይ ባለች መርከብ ላይ ማረፍ ግን ያልተሞከረ ነገር ነበር። ስለዚህ በጦርነቱ ጊዜ ተነስቶ የሄደ አብራሪ አጠገቡ የብስ ከሌለ ተመልሶ የሚያርፈው ባሕሩ ላይ ነው። ዕድለኛ ከሆነ ጀልባ ያነሳዋል። አውሮፕላኑ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። አንድ በረራ፣ አንድ አውሮፕላን። የጥገና ሰው ነኝና ይህን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

በ1917 አጋማሽ ፊዩሪየስ የምትባል አዲስ መርከብ አገልግሎት ጀመረች። መጀመሪያ የታሰበችው ሁለት እጅግ ትላልቅ መድፎች እንድትሸከም ነበር። የአፋቸው ስፋት 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግንባታዋ ሳያልቅ ሐሳብ ተለወጠ። የፊተኛው መድፍ ቀረ። በቦታው ለአውሮፕላን መነሻ የሚሆን ጠፍጣፋ ወለል ተሠራ። ርዝመቱ 70 ሜትር አይሞላም፣ ስፋቱ 15 ሜትር ግድም ነው። ልብ በሉ፣ ወለሉ ያለው ከመርከቧ ፊት ለፊት ነው። ከኋላው የአዛዡ ማማ አለ፣ ምሰሶው አለ፣ ጭስ ማውጫው አለ። የተሠራውም ለመነሳት እንጂ ለማረፍ አይደለም።

ደኒንግ የዚህች መርከብ የበረራ ክፍል አለቃ ሆነ። መርከቧ ያለችው በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ፣ በኦርክኒ ደሴቶች መካከል ባለው ስካፓ ፍሎው በሚባል የተከለለ ባሕር ውስጥ ነው። እሱም አንድ ስሌት ሠራ። የሚያበሩት አውሮፕላን ሶፕዊዝ ፓፕ ይባላል። 80 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያለው፣ አብራሪውንና ነዳጁን ጨምሮ ከ560 ኪሎ የማይበልጥ ትንሽ አውሮፕላን ነው። በጣም በዝግታ መብረር ይችላል። መርከቧ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር እየሮጠች ነፋሱን ፊት ለፊት ብትገጥም፣ ነፋሱም በራሱ 39 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ወለሉ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ 87 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፓፕ ደግሞ ለማረፍ ሲቃረብ ፍጥነቱ ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። ጭልፊት ነፋስን ገጥማ አየር ላይ ቆማ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አውሮፕላኑም ከመርከቧ አንጻር እንዲያ ይሆናል። ቆመ ማለት ይቻላል።

ስሌቱ ትክክል ነበር። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ሐሳብ ሳነብ ደስ ይለኛል። ፍሬን የለም፣ የሚይዘው መንጠቆ የለም፣ አዲስ መሣሪያ የለም። ያለውን መርከብ፣ ያለውን አውሮፕላንና ያለውን ነፋስ አንድ ላይ ማሰብ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ከኋላ በቀጥታ መጥቶ ማረፍ አይቻልም፣ ማማው ይዘጋዋል። ስለዚህ ደኒንግ በመርከቧ ጎን ትይዩ ይበራል። ማማውን ካለፈ በኋላ አውሮፕላኑን ወደ ጎን አንሸራቶ ወለሉ መሐል ላይ ያደርሰዋል። ከዚያ ሞተሩን ይቀንሳል። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ የሚጠብቁት ባልደረቦቹ ሮጠው ከአውሮፕላኑ ላይ የተንጠለጠሉትን ማሰሪያዎች ይይዛሉ። በእጃቸው ጎትተው ያወርዱታል።

ነሐሴ 2 ቀን ልክ እንደዚህ ተደረገ። ተሳካም። ሰዎች እጃቸውን ወደ አውሮፕላኑ ዘርግተው ሲሮጡ የሚያሳይ የታወቀ ፎቶ አለ። ያኔ የነበረውን ደስታ መገመት አያቅትም። ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ወደ እየሄደች ያለች መርከብ ተመለሰ።

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በዚያች ቀን ማታ እናንተ ብትሆኑ ኖሮ ምን ትሉ ነበር? "ይቻላል" ነው የምትሉት። እኔም እላለሁ። ጥያቄው ግን ምን እንደተቻለ ነው። የተቻለው፣ በዚያች ቀን፣ በዚያ ነፋስ፣ ደኒንግ ማረፉ ነው። ማማው አሁንም መንገዱን እንደዘጋ ነው። ወለሉ አሁንም አጭር ነው። አውሮፕላኑን የሚያቆመው አሁንም የሰው እጅ ነው። አንድ ድንቅ አብራሪ የመርከቧን ጉድለት በችሎታው ሸፈነው። ችሎታው በበዛ ቁጥር ጉድለቱ እየተደበቀ ይሄዳል።

ይህን በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሃንጋር ውስጥ አንድ አስቸጋሪ ክፍል ይኖራል። ሁሉም ያቅተዋል። አንድ እጀ ወርቅ ቴክኒሽያን አለ፣ ሲጠራ ይመጣል፣ ጠጋ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደምንም ይገጥመዋል። ሁሉም ያመሰግነዋል። ክፍሉ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ ግን ማንም አይጽፍም። ያ ሰው ዓመት ፈቃድ የወጣ ቀን ምን ይሆናል? እናንተ ሌላ ሙያ ውስጥ ያላችሁም ይህን ታውቁታላችሁ። ቢሮ ውስጥ ሲስተሙ በተኛ ቁጥር ማስነሳት የሚችለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ያንን የተበላሸ ማሽን የምታባብለው አንዲት ነርስ ብቻ ናት። ሥራው ይሄዳል። የሚሄደው ግን በእነሱ ጫንቃ ላይ ነው።

ወደ ስካፓ ፍሎው እንመለስ። ነሐሴ 7 ቀን ደኒንግ እንደገና ሞከረ። ያን ቀን የመጀመሪያው ሙከራ በሰላም አለቀ፣ አውሮፕላኑ ግን ጉዳት ደረሰበት። እሱም ሌላ ፓፕ ይዞ በዚያው ቀን ዳግም ተነሳ። ሲመጣ አቀራረቡ አላማረውም። ወለሉ ላይ ያሉትን ሰዎች በእጁ ምልክት አራቃቸው። እንደገና ዞሮ ለመምጣት ለሞተሩ ነዳጅ ጨመረ። ሞተሩ ታፈነ። አውሮፕላኑ ከፍታ አጥቶ በመርከቧ ቀኝ በኩል ወደ ባሕሩ ወደቀ። መርከቧ በዚያ ፍጥነት እየሮጠች ነበር። ቶሎ መቆም አትችልም። ጀልባ እስኪደርስ ድረስ ደኒንግ የአብራሪው መቀመጫ ውስጥ እንዳለ ሰጥሞ ሞቷል። 25 ዓመት ከሞላው ሦስት ሳምንት ብቻ ሆኖት ነበር።

የባሕር ኃይሉ ሹማምንት ስለ እሱ ካሰፈሩት ቃል ውስጥ አንድ ነገር ልቤን ይነካዋል። ሁለት ጊዜ በሰላም ካረፈ በኋላ፣ ሌሎቹ አብራሪዎች ከመሞከራቸው በፊት እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ደግሞ ማረፍ እንደፈለገ ጽፈዋል። አለቃቸው ነው። የእሱ ሰዎች በቅርቡ ይህን ነገር ይሞክራሉ። በደንብ ሳላውቀው አይሞክሩትም አለ ማለት ነው።

አለቃ ስትሆኑ፣ ትሆናላችሁም፣ ይህን አስታውሱ። እኛ አገር ከባዱን ሥራ ለታናሽ መስጠት የተለመደ ነው። አዲስ ገቢው ይላካል። የማይታወቀውን ነገር እሱ ይነካል። ጉዳት ቢደርስ "ልምድ ስለሌለው ነው" ይባላል። ደኒንግ የተገላቢጦሹን አደረገ። የማይታወቀውን ነገር ልምድ ያለው ሰው ነው ቀድሞ መንካት ያለበት። ስለዚህ ሰው ባሕርይ ሌላ ምንም ባይተርፍልን ይህ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ከእሱ ሞት በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሙ። በፊተኛው ወለል ላይ ማረፍ ቆመ። ፊዩሪየስ ወደ መርከብ ሠሪዎቹ ተመለሰች። የኋላው መድፏም ተነስቶ በቦታው ሌላ፣ ለማረፊያ የሚሆን ወለል ተሠራላት። አሁን ከኋላ በቀጥታ መጥቶ ማረፍ ይቻላል ተባለ። በ1918 መጀመሪያ ላይ ተመልሳ መጣች። ማማውና ጭስ ማውጫው ግን መሐል ላይ እንዳሉ ናቸው! መርከቧ ስትሮጥ ማማው ነፋሱን ይሰብረዋል። ከኋላው የሚናወጥ አየር ይፈጠራል። በዚያ ላይ የጭስ ማውጫው ትኩስ ጋዝ አለ። ትንሿ አውሮፕላን እዚያ ውስጥ ስትገባ ትንገላታለች። ከሞከሩት አብዛኞቹ አውሮፕላኑን ሰበሩ። ይህም ተተወ።

ሐምሌ 19 ቀን 1918 ያኔ የጀርመን በነበረችው በቶንደርን ያለውን የዜፕሊኖች ጣቢያ ለመምታት ሰባት ተዋጊ አውሮፕላኖች ከፊዩሪየስ ተነሱ። ሁለት ዜፕሊኖች አቃጠሉ። ትልቅ ድል ነው። ከሰባቱ ግን ተመልሶ መርከቧ ላይ ያረፈ አንድም የለም። ማረፊያ የለማ። ገሚሶቹ ዴንማርክ ወረዱ፣ ገሚሶቹ መርከቦቻቸው አጠገብ ባሕሩ ላይ ወረዱ፣ አንደኛው አብራሪ ሞተ። ደኒንግ ካረፈ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ችግሩ ያለው እዚያው የነበረበት ቦታ ነው።

የተፈታው መቼ ነው? በመስከረም 1918 አርገስ የምትባል መርከብ አገልግሎት ስትጀምር ነው። መጀመሪያ ለጣልያን ትሠራ የነበረች የመንገደኞች መርከብ ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠፍጣፋ ወለል ተደረገላት። ከወለሉ በላይ የቆመ ማማ የለም፣ ጭስ ማውጫ የለም። ጭሱ በጎን ተመርቶ ወደ ኋላ ይወጣል። እዚህች መርከብ ላይ መካከለኛ ችሎታ ያለው አብራሪም ማረፍ ቻለ። ፊዩሪየስም ራሷ ከ1921 እስከ 1925 ድረስ እንደገና ተሠርታ ወለሏ ጠፍጣፋ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም እስከ 1944 ድረስ አገልግላለች።

አንድ ተማሪ በአንድ ወቅት ጠይቆኝ ነበር። "ጋሼ፣ ታዲያ ደኒንግ ባይደፍር ኖሮ አርገስ ትኖር ነበር?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአርገስ ሥራ የተጀመረው ከእሱ ሞት በፊት ነው፤ እና መርከቧ ትኖር ነበር። ግን የእሱ ማረፍ ሐሳቡ እንደሚሠራ በዓይን አሳየ። ከዚያ በፊት በወረቀት ላይ ያለ ክርክር ነበር። ድፍረት ያስፈልጋል። እኔ ድፍረትን አልቃወምም። የምላችሁ፣ ከመጀመሪያው ስኬት በኋላ ጥያቄው ይለወጣል ነው። መጀመሪያ "ይቻላል ወይ?" ነው። ያ ከተመለሰ በኋላ "ያለ እኔ ይቻላል ወይ?" የሚለው መምጣት አለበት። ነሐሴ 2 ቀን ማታ ሊጠየቅ የሚገባው ያ ነበር ብዬ አምናለሁ። ማማውን መዞር ያስፈለገው ለምንድን ነው? ቢወድቅ ማን ያነሳዋል? ጀልባዋስ የት ቆማ ትጠብቀው?

ስለ ጀልባዋ ትንሽ ልጨምር፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላልና። ደኒንግን የገደለው መውደቁ ብቻ አይደለም። ወድቆ ቶሎ የሚያነሳው አለመኖሩም ነው። ኋላ ላይ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ሲያሳርፉ ከኋላቸው አንድ መርከብ እየተከተለ፣ በኋላ ዘመን ደግሞ ሄሊኮፕተር እያንዣበበ እንዲጠብቅ ተደረገ። ለአንዱ ለወደቀው ብቻ የቆመ ማለት ነው። እናንተም ለሙከራ ስትዘጋጁ ዕቅዱን ስትጽፉ ሁላችሁም የምትጽፉት ነገሩ ሲሳካ ምን እንደሚደረግ ነው። ካልተሳካ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማን ምን ያደርጋል የሚለውንም ጻፉ። በስም ጻፉት። "የሚመለከተው ክፍል" ብላችሁ አትለፉት።

ሌላም ነገር አለ። ሦስተኛውን ሙከራ ባልተጎዳ በሌላ አውሮፕላን፣ በዚያው ቀን አደረገው። ለምን እንደቸኮለ ልፈርድበት አልችልም። ጦርነት ነው፣ ጊዜ ይገፋል። ነገር ግን በእኛ ሥራ አንድ ነገር ሲበላሽ "ሌላ አምጣ" ብሎ መቀጠል በጣም ይቀላል። እጅ ሞቋል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ ሁሉም ያያል። ያን ጊዜ መሣሪያውን አስቀምጦ "ዛሬ ይብቃን፣ ይህ ለምን እንደተጎዳ ነገ እንየው" የሚል ሰው እኔ ዘንድ ትልቅ ነው። ይህን ለማለት ሥልጣን አያስፈልግም። ከሁሉም ታናሽ የሆነው ልጅ ብሎት ቀኑን ሙሉ ሥራ ሲያስቆም አይቻለሁ። አለቃው አልወደደለትም። በማግሥቱ የተገኘውን ሲያይ ግን ዝም አለ።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው እንዲህ ነው። በዚህ ሳምንት በሥራ ቦታችሁ ከአንድ ሰው በቀር ማንም የማይችለውን አንድ ሥራ ፈልጉ። ያ ሰው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ከሆናችሁ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ መመስገን ደስ ይላልና። አጠገቡ ቁሙና ሲሠራ ተመልከቱ። የት ላይ ጎንበስ ይላል? የት ላይ ትንፋሹን ይይዛል? ምኑን ዞሮ ያልፋል? እሱን ጻፉና ለሚመለከተው አለቃ በስማችሁ ስጡት። መልስ ካልመጣ በሚቀጥለው ወር ደግማችሁ ስጡ።

ደኒንግ የተቀበረው በእንግሊዝ፣ ኤሴክስ ውስጥ ባለችው የብራድፊልድ ቤተ ክርስቲያን ነው። በስሙ የተሰየመ ዋንጫም አለ። የባሕር ኃይሉን የበረራ ሥራ ላሻሻሉ ሰዎች እንዲሰጥ ታስቦ የተበረከተ ነው።

የጻፋችሁትን ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ላኩልኝ። የማላውቀው ሙያ ቢሆንም ግድ የለም፣ እየጠየቅኋችሁ እረዳዋለሁ።

በርቱልኝ።